በበረንዳ ሥር በሚከፈት መስኮት የወጥ ቤት ጭስ ማስወጣት፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የወጥ ቤታቸው መስኮት ከበረንዳ ወይም ከዳስ ጣሪያ ሥር የሚከፈት ነዋሪዎች ጭስን በአግባቡ ማስወጣት እንዲችሉ ለማገዝ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው ሮቢት እና በአጠቃላይ በራያ ቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች፣ ሙቀቱን ለመከላከል ከቤት ጋር የተያያዘ ጥላ መሥራት ጠቃሚ ነው። ሆኖም የወጥ ቤት መስኮት በዚህ ጥላ ሥር ሲከፈት የሚወጣው ጭስ መልሶ ወደ ቤት የመግባት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የማገዶ ጭስ በሕፃናት ላይ ለሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ሥር ለሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። ከሁሉ ይልቅ ተጎጂዎቹ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶችና በጀርባቸው የሚያዝሏቸው ሕፃናት ናቸው። የማሽላ አገዳ፣ እርጥብ እንጨትና ኩበት ሲነድዱ በደንብ ከደረቀ እንጨት የበለጠ ጭስ ስለሚያወጡ ጉዳቱ ይጨምራል።

ጭሱ ተመልሶ የሚገባው ለምንድን ነው?

ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። ከመስኮቱ በላይ የበረንዳ ጣሪያ ካለ ግን መንገዱ ስለሚዘጋበት ከጣሪያው ሥር ይከማቻል፤ ከዚያም በበሩ፣ በሌሎች መስኮቶች እንዲሁም በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍተት በኩል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በረንዳው ላይ የሚቀመጡ አረጋውያንና የሚጫወቱ ሕፃናትም ይተነፍሱታል። ስለዚህ ጭስ ግድግዳውን አልፎ መውጣቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ በነፋስ መበተን ይኖርበታል።

ለማረጋገጥ፣ ነፋስ በማይበረታበት ሰዓት በመስኮቱ አጠገብ ጥቂት ዕጣን አጭሶ ጭሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ መመልከት ይቻላል። ጭሱ በበረንዳው ሥር የሚያንዣብብ ወይም ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ መስኮቱ ብቻውን በቂ መውጫ አይደለም። በበረንዳው ጣሪያ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቀርሻ መታየቱም ተመሳሳይ ምልክት ነው።

ትክክለኛው አሠራር

1. የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ መጠቀም። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የጭስ ማውጫ እንዲኖረው ተደርጎም ሊሠራ ይችላል።
2. ቧንቧውን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መትከል። አግድም የሚሄድ ረጅም ቧንቧና ብዙ መታጠፊያ የጭሱን ፍሰት ያዳክማሉ፤ ጥቀርሻም ያከማቻሉ።
3. ቧንቧው በግድግዳ ወይም በመስኮት በኩል የሚወጣ ከሆነ፣ ከበረንዳው ጣሪያ ጠርዝ ውጭ ወይም ጣሪያውን አልፎ ወደ ላይ እንዲዘልቅ ማድረግ። ጫፉ በበረንዳው ሥር መቅረት የለበትም።
4. የቧንቧውን ጫፍ ከጣሪያው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፤ ዝናብ እንዳይገባም ጭሱን የማያፍን ክዳን ማበጀት።
5. ነጠላ ቆርቆሮ ቧንቧን ከወራጅ፣ ከማገርና ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ማራቅ።
6. ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍተት በበሩ ግርጌ ወይም በትይዩ ግድግዳ ላይ መተው። አየር ካልገባ ጭስም አይወጣም።
7. ቧንቧውን በየጊዜው ከጥቀርሻ ማጽዳት። ጽዳቱ መከናወን ያለበት እሳቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋና ቧንቧው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

በኪራይ ቤት የሚኖሩ ተገልጋዮች ግድግዳ ወይም ጣሪያ ከመብሳታቸው በፊት ከአከራያቸው ጋር መስማማት ይገባቸዋል። የቧንቧው ጫፍ ወደ ጎረቤት መስኮት የሚያጨስ መሆን የለበትም።

ቤቱ ወይም ዳሱ በሣር ወይም በአገዳ የተከደነ ከሆነ

ቧንቧውን በሣር ክዳን ውስጥ ማሳለፍ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ከቧንቧ የሚወጣ ፍንጣሪም በዳስ ላይ የተከመረን ደረቅ አገዳ ሊያቀጣጥል ይችላል። በዚህ ሁኔታ የሚመረጠው ከመኖሪያ ቤቱና ከአገዳ ክምር የራቀ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የተለየ ማድቤት መሥራት ነው።

ቧንቧ ለመትከል አቅም እስኪገኝ

ምድጃውን በበረንዳው ሥር ከሚከፈተው መስኮት አርቆ፣ ሰማይ ወደሚታይበት ግድግዳ ማስጠጋትና በግድግዳው የላይኛው ክፍል መውጫ መክፈት ይጠቅማል። ደረቅ ማገዶ መጠቀም እንዲሁም ሕፃናትን ከማድቤት ማራቅ በማንኛውም ጊዜ ሊፈጸሙ የሚችሉ እርምጃዎች ናቸው። ጭስ ትንኝ ያባርራል በሚል መውጫውን መዝጋት ግን አይገባም፤ ወባ ባለበት አካባቢ ጭስ አጎበርን አይተካም።

ስለ ከሰልና ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ

ከሰል ጭሱ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሲነድድ ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያመነጫል። ስለሆነም ከሰል የያዘ ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማቆየት በፍጹም አይገባም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ጭስ አያወጣም፤ እንፋሎቱ ግን ከበረንዳ ጣሪያ ሥር ሲከማች እንጨቱን ያረጥባል፣ ሻጋታም ያመጣል። በመሆኑም ለእንፋሎቱም መውጫ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ምክርና ድጋፍ የሚገኝበት ቦታ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤናማ የቤት አያያዝን ከፓኬጆቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። ስለሆነም ተገልጋዮች በቀበሌያቸው ጤና ኬላ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤታቸውን ተመልክተው እንዲያማክሯቸው መጠየቅ ይችላሉ። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ዓይነቶችና ስለ አምራቾቻቸው መረጃ የሚፈልጉ ደግሞ በወረዳቸው የኢነርጂ ሥራን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ። ሲሄዱ የማድቤቱን ስፋት፣ የጣሪያውን ዓይነትና ከመስኮቱ እስከ በረንዳው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተው ቢይዙ ተገቢውን ምክር በቀላሉ ያገኛሉ።