ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ)፤ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ

በነቀምቴ ከተማ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ስያሜውን ያገኘው ከ1889 እ.ኤ.አ. አንሥቶ እስከ 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሌቃ ነቀምቴን ከገዙት ደጃዝማች ነው። ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ሥልጣኑን የወረሱት ከአባታቸው ከሞረዳ በከሬ ሲሆን፣ የገዥውን ቤት የመሠረቱት አያታቸው በከሬ ጎዳና ነበሩ።

የኩምሳን ዘመን ለመረዳት የአባታቸውን ውሳኔ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1882 እ.ኤ.አ. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ በስተደቡብ ባለው ሀገር ይገባኛል ተጣልተው እምባቦ ላይ ሲዋጉ፣ ሞረዳ ከሸዋ ወገን ቆሙ። ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ፤ ሞረዳም በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገበሩ። በምላሹ ግዛታቸው በተወላጅ ገዥ እየተዳደረ እንዲቀጥል ተደረገ። በጦር ከተያዙት አካባቢዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ዕድል አልነበረም። ይሁንና ነጻነቱ በየዓመቱ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የሚከፈልበት ነበር፤ ሸክሙም በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው።

ኩምሳ ይህን ውል ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቀው አቆይተዋል። የቄለሙ ገዥ ጆቴ ቱሉ ግን በተመሳሳይ መንገድ ጀምረው በኋላ ግዛታቸውን አጥተዋል። ልዩነቱ ኩምሳ ለማዕከላዊው መንግሥት በነበራቸው ጥንቃቄ የተሞላ ታማኝነት ላይ ያረፈ ይመስላል።

ጥንቃቄው የተፈተነበት አንድ አጋጣሚ አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ወደ ነቀምቴ ሲመጡ፣ ደጃዝማቹ በክብር ተቀበሏቸው። ሰባኪው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስተማራቸው ግን ካህናቱን አስቆጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ መመለስ ቢፈቀድላቸውም ስብከት ተከለከሉ። ለገዥው፣ የኦርቶዶክስ ክርስትናን ለተቀበሉት ባለሥልጣን፣ ጉዳዩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከኩምሳ በኋላ የገዙት ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም የጣሊያን ወረራ ዘመን ደርሶባቸዋል። ከቤተ መንግሥቱ የተገኙት የአማርኛ ደብዳቤዎች ደግሞ ለወለጋ ታሪክ ዋና ምንጭ ሆነው በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ አዘጋጅነት ታትመዋል።