አሥራ ስድስተኛው ቋንቋ

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በሀዲያና በከምባታ አገር ለአብዛኛው ገበሬ ፊደል መቁጠር ማለት አማርኛ መማር ማለት ነበር። የዘመቻው ቋንቋዎች ቁጥር በየዙሩ እየጨመረ 15 ሲደርስ ግን ሀዲይሳና ከምባቲሳም ከዝርዝሩ ገቡ። በእንሰት ጓሮና በገበያ ብቻ ይነገር የነበረው ልሳን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጣ። ሽበት የወረሳቸው ሽማግሌዎች በእናታቸው ቋንቋ "ሀ" ብለው ጀመሩ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻውን ሸለመ። ስለ ደርግ ዘመን የፈለገውን ያህል ክፉ ቢነገር፣ ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ በዚያው መንደር፣ በዚያው የማስተማሪያ ዳስ ደጃፍ ቆሞ የሚያይ ልጅ ነበረ። የሰዎቹ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል፤ ምን እንደሚባል አያውቅም። ለእርሱ ሀዲይሳም፣ ከምባቲሳም፣ አማርኛም ያው ነበሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የዚህ ልጅ ቋንቋ አልተቆጠረም። ከ80 በላይ ልሳን ባለበት አገር ከዝርዝሩ የቀሩ ብዙ ቋንቋዎች እንደነበሩ አላጣሁትም። ነገር ግን የእነዚያ ተናጋሪዎች ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ይህ ልጅ ግን የሚያናግረው አንድም ሰው አልነበረውም። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ላወጋችሁ የፈለግሁት ያ አሥራ ስድስተኛ ቋንቋ እንዴት ሆሳዕና እንደደረሰ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን የማይሰማን ሰው የጠራበት ቃል "ደንቆሮ" ነው፤ በዚያው ቃል መሃይሙንም ሞኙንም ይሰድባል። "ድዳ" የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ጆሮ ያልሰማ አእምሮም አያስብም የሚል ፍርድ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። "መስማት የተሳነው" የሚለው አጠራር ከዚያ ፍርድ ለመሸሽ የመጣ ነው። ይህ ረጅም ስም ነው ብለው የሚያጉረመርሙ ጋዜጠኞች አውቃለሁ። እኔ ግን ከአጭር ስድብ ረጅም ስም ይሻለኛል።

ልጁ ለምን መስማት ተሳነው? በአካባቢው የእርግማን ወይም የኃጢአት ውጤት ነው የሚል እምነት ዛሬም አልጠፋም። ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው፦ ኩፍኝ፣ ያልታከመ የጆሮ ምርቅዝ፣ ጆሮን የሚጎዱ መድኃኒቶች፣ ከሁሉም በላይ ማጅራት ገትር። ኢትዮጵያ በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ደርሶባታል። በሽታው ነፍስ ሳይነጥቅ ሲያልፍ ከአንዱ ልጅ ዓይን፣ ከሌላው ጆሮ ወስዶ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በልጅነት ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ የሚሆነው ሊከለከል የሚችል ነው ይላል።

በበሽታ መስማት የተሳነው ልጅ እናቱም አባቱም ይሰማሉ። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ ከ9 የሚበልጡት የሚሰሙ ወላጆች እንዳሏቸው ያሳያሉ፤ በኛም አገር ነገሩ የተለየ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ልጅና እናቱ በእጅ የሚግባቡበት ጥቂት ምልክት ይፈጥራሉ፤ ለመብላት፣ ለውኃ፣ ለላም፣ ለመተኛት። ከዚያ አያልፍም። "ነገ"ን፣ "ለምን"ን፣ "አያትህ ማን ነበረ"ን የሚነግረው የለም። ከብት ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል።

ለዚህ ልጅ መድኃኒቱ ምን ነበር? የሚያሳዝነው መልሱ ከእናቱ መለየት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሆሳዕና ላይ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተች። ዘመኑን አስቡት። ዘመቻው በታወጀበት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው የዚችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው የተወሰዱትና የተገደሉት። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በየአውራጃው ምእመናን ይታሰራሉ፣ ጸሎት ቤቶች ይዘጋሉ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ቤት መሥራት ቀላል ሥራ አልነበረም። ከፊንላንድ የመጡ የሉተራን ሚሲዮን ሰዎችና መምህራን ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤቱ ደጋፊ ሆነው ቆይተዋል። ፊንላንድ ውስጥ የሆሳዕና ስም በዚህ ትምህርት ቤት ምክንያት ነው ይበልጥ የሚታወቀው።

ሆሳዕና የመጀመሪያዋ አልነበረችም። በ1940ዎቹ መጨረሻ የስዊድን ሚሲዮናውያን ከረን ላይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካውያን አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ነበር። ነገር ግን ከሀዲያ ወይም ከከምባታ ደጋ ተነስቶ ልጁን መካኒሳ የሚያደርስ ገበሬ ስንት ይገኛል? ሆሳዕና፣ የጥንቷ ዋቸሞ፣ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ መቅረብ ነበረበት።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። መስማት የተሳናቸው ልጆች አንድ ግቢ ሲሰበሰቡ ምን ይሆናል? የዚህ ዓለም ዝነኛ ምሳሌ ኒካራጓ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ማናጓ ከተማ ውስጥ በተከፈተ የልዩ ትምህርት ማዕከል እነዚህ ልጆች ተሰበሰቡ። መምህራኑ የሚሞክሩት የከንፈር ንባብና የስፓኝ ቃላት ነበር፤ ብዙም አልሠራም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ ከየቤታቸው ያመጧቸውን ምልክቶች ቀላቅለው፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እየተቀበሉና እያሳመሩ፣ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ፈጠሩ። ዓለም ይህን የተማረው የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሄደው ካዩ በኋላ ነው።

ሆሳዕና ላይ ቋንቋው ከባዶ አልተፈጠረም፤ በመምህራንና በቀደሙ ተማሪዎች እጅ መጣ። የመጣበት መንገድ ግን ያስደንቃል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካው ብዙ ወስዷል፣ ከሰሜን አውሮፓውያኑም ቀድቷል። የአሜሪካው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1817 ሎራን ክለርክ የተባለ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ሃርትፎርድ በተከፈተው ትምህርት ቤት ካስተማረው የፓሪስ ምልክት ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ ሆሳዕና ገበያ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመው በእጃቸው ሲያወሩ ያየ ሰው፣ ከፓሪስ በሃርትፎርድና በመካኒሳ አድርጎ የመጣ፣ መንገድ ላይም ኢትዮጵያዊ የሆነ ነገር እያየ ነው።

ኢትዮጵያዊ መሆኑ ከሁሉ በላይ የሚታየው በእጅ ፊደሉ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ይዘው የመጡት የእንግሊዝኛውን 26 ፊደላት ነው። የኛ ገበታ 33 ቤት በ7 ተባዝቶ 231 ይሆናል። ለ231 ፊደል 231 የእጅ ቅርጽ ማን ያስታውሳል? ኢትዮጵያውያን ያገኙት መላ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ፣ ለ7ቱ ተራዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ እንቅስቃሴ። እጁ የ"በ"ን ቅርጽ ይይዛል፤ "ቡ" ወይም "ቢ" ወይም "ባ" መሆኑን የሚናገረው የእጁ አካሄድ ነው። የጥንት ሊቃውንት በግዕዙ ላይ እግርና ቀለበት እየቀጠሉ ካዕብና ሣልስ ያወጡበት ዘዴ ይኸው አይደለም? ስለ ፊደላችን ብልሃት የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን አንድ ምዕራፍ ቢጨምሩ ደስ ባለኝ ነበር።

ታሪኩ የተወሳሰበው በ1986 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ሀዲይሳና ከምባቲሳ ከዘመቻ ዳስ ወደ መደበኛ ክፍል ገቡ፤ ጽሕፈታቸውም ወደ ላቲን ፊደል ተለወጠ። በዚሁ ዓመት ሰኔ መባቻ ላይ ደግሞ በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች በሰፈራቸው መደበኛ ትምህርት ቤት ከእኩዮቻቸው ጋር ይማሩ የሚል መግለጫ አወጡ። ዛሬ "አካቶ ትምህርት" የምንለው ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተስፋፋ ነው። አንዱ ለእያንዳንዱ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፣ ሌላው የሰፈሩን ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነበር። ሁለቱም መልካም። ሆሳዕና ለሚማረው ልጅ ግን ሁለቱም በቀጥታ አይገጥሙም።

ለመሆኑ የዚህ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ምንድን ነው? እናቱ የሀዲይሳ ተናጋሪ ናት፤ እርሱ ሀዲይሳን ሰምቶ አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ይላል፤ ምልክት ቋንቋ ግን በስም አልተጠራም። ልጁ አንደበቱን የፈታው ትምህርት ቤት ነው፤ የተፈታውም በእጁ ነው። የእጅ ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ስለሆነ የሚያነበውና የሚጽፈው አማርኛ ነው። ታናሽ እህቱ በቀበሌው ትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ሀዲይሳ ትጽፋለች። ክረምት ሲገናኙ እርሱ የእህቱን ደብተር ማንበብ አይችልም፤ እህቱ እጁን ማንበብ አትችልም። ሁለቱም የተማሩ ልጆች ናቸው። ይህን ያመጣው የማንም ክፋት አይደለም፤ ሁለት ትክክለኛ ውሳኔዎች አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

አካቶ ትምህርትን የሚሰብኩ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ሳይቆጡኝ አይቀሩም። ልዩ ትምህርት ቤት ልጆችን ከኅብረተሰቡ ይነጥላል ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ለዓይነ ስውር ልጅ በተለይ። ማየት የተሳነው ልጅ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው፤ የሚጎድለው ብሬልና የሚረዳው መምህር ነው። የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ በሻሸመኔ የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ ከዚያ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር በአዲስ አበባ ተምራ፣ ሕግ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብላለች። ለእርሷ የመደበኛው ክፍል በር መከፈቱ መልካም ሆነ። ምልክት ቋንቋ የማያውቅ መምህር ያለበት፣ 70 እና 80 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ተካቷል ማለት አልችልም። መዝገብ ላይ ስሙ አለ። እርሱ ግን እንደ 1971ዱ ልጅ ዳሱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ወንበር ተሰጥቶታል።

ሳላማንካም ይህን ያውቅ ነበር። መግለጫውን ተከትሎ የወጣው የተግባር መመሪያ በ21ኛው አንቀጹ መስማት የተሳናቸው ልጆች በልዩ ትምህርት ቤቶች ወይም በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ባሉ ልዩ ክፍሎች ቢማሩ ሊሻል እንደሚችል ይናገራል። መመሪያውን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ እዚያ አንቀጽ ላይ የሚቆሙት ጥቂት። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው፣ ምልክት ቋንቋን መማርና የመስማት የተሳናቸውን የቋንቋ ማንነት ማሳደግ የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዚህ ጉዳይ የሚጨነቁበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ሁሉም የሚሰሙ፣ ከምልክት ይልቅ ንግግር ይቅደም ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ምልክት ቋንቋ ከብዙ የአውሮፓ ክፍሎች ተባረረ። ያን ውሳኔ ተከታዩ ጉባኤ በይፋ የሻረው ቫንኩቨር ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ።

በአገራችን ነገሩ ጭራሽ አልቆመም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 እና በ2004 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልቶች አውጥቷል፤ እዚያም የፊንላንድ እጅ አለበት። ግን ከሆሳዕና ወጥተው ዱራሜን፣ ሺንሺቾን፣ ሾኔን አልፈው ወደ ገጠር ቀበሌ ሲወርዱ፣ ምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ማግኘት እድል ነው። አሁን ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከሀዲይሳ፣ ከከምባቲሳ፣ ከስልጥኛ፣ ከጉራጊኛ ሌላ በየቢሮው የምትሰማው ቋንቋ ብዙ ነው። በከተማዋ ከ40 ዓመት በላይ የኖረው ቋንቋ በእነዚያ ቢሮዎች መስኮት ላይ ሲነገር ግን እስካሁን አላየሁም። እንደ ባለጉዳይ ቆሜ ነው የምናገረው።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ አዳሪዎቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። አንድ ሰኔ ላይ መናኸሪያ ቆሜ አየኋቸው። ሻንጣና ፍራሽ ጭነው፣ በተለያየ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ያወራሉ። በሞተር ጩኸትና በረዳቶች ጥሪ መካከል ሌላው መንገደኛ ጆሮው ላይ እየጮኸ እንኳ አይደማመጥም፤ እነርሱ በሁለት መስታወትና በሠላሳ ሜትር ርቀት ቀልድ ይለዋወጣሉ። አውቶቡሶቹ አንዱ ወደ ዱራሜ፣ አንዱ ወደ ወራቤ ተለያዩ። ከኔ ጋር ተሳፍሮ የነበረው ልጅ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፤ መታጠፊያው እስኪጋርዳቸው ድረስ እጁ አላረፈም። ከዚያ እጆቹን ጭኖቹ መካከል አስገብቶ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። አባቱ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል። ቆሎ ዘርግተው በአገጫቸው ብላ አሉት።