የሄይሊንግ ደሴት ነፋስና የአንድ ፈጠራ ክርክር

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሃምፕሻየር ግዛት፣ ሄይሊንግ የምትባል ሠላሳ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ዝቅተኛና ሜዳማ ደሴት ትገኛለች። ከዋናው ምድር የሚለያት ውኃ እጅግ ጠባብ በመሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ በድልድይ ተያይዛለች። በምዕራብ የላንግስተን፣ በምሥራቅ የቺችስተር ወሽመጦች ያዋስኗታል፤ ደቡባዊ ዳርቻዋ ግን እንግሊዝን ከፈረንሳይ ለሚለየው ባሕር የተጋለጠ ነው። ደሴቲቱ በስፋቷም ሆነ በሀብቷ ከሚጠቀሱት ወገን አይደለችም። ይሁን እንጂ በሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ሸራ በእጅ ይዞ፣ በነፋስ ኃይል በውኃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት፣ ማለትም የዊንድሰርፊንግ ታሪክ በተነሣ ቍጥር ስሟ ይነሣል። ከዚያም ይልቅ የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ በሚጠናበት ሁሉ ስሟ ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ መነሻ የሆነው የሥፍራው ጠባይ ነው። በደሴቲቱ ላይ አዘውትሮ የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ የደቡቡን ዳርቻ በአግድመት ስለሚመታ ባለሸራውን ወደ ጥልቁ ባሕር ሳይሆን በዳርቻው ትይዩ ይነዳዋል። በበጋ ወራት ደግሞ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ከምድሩ በላይ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው የባሕር አየርም ቦታውን ሊተካ ስለሚመጣ ከቀትር በኋላ ከባሕር ወደ ምድር የሚነፍስ ነፋስ ይፈጠራል። የሰሜን ነፋስ በተነሣ ጊዜ ግን ጀማሪውን ከምድር አርቆ ስለሚወስደው አደገኛ ነው።

የባሕሩ መሙላትና መጉደልም እንደ ነፋሱ ሁሉ መታወቅ ይገባዋል። በምዕራብ ጫፍ ያለው የአሸዋ ደለል ውኃው ሲጐድል ብቅ ይላል። በሁለቱ ወሽመጦች መግቢያ ላይ የውኃው ፍሰት ብርቱ ነው፤ ነፋሱና ፍሰቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙም ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። በወሽመጦቹ ውስጥ በሙላት ጊዜ ዝግ ያለ ውኃ ሲገኝ፣ በጉድለት ጊዜ የሚቀረው ጭቃ ነው። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ደሴት ላይ ጀማሪውም ሆነ የለመደው ሰው፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ካወቀ፣ ለችሎታው የሚስማማውን ሥፍራ በቅርብ ርቀት ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ሥፍራ ሸራ ያለው ሳንቃ ሠራ። ምሰሶው በገመድ ያልተወጠረ፣ ወደየአቅጣጫው የሚያዘነብል ነበር። ሸራውን በግራና በቀኝ የያዙት ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ሲሠሩ ቀጥ ያሉ ቢሆኑም፣ ነፋስ ሸራውን ሲሞላው እንደ ቀስት ይለመጡ ነበር። ልጁ በበጋ ወራት በካራቫን መንደር አጠገብ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ሥፍራ ይጫወትበት ነበር። ስለ ሥራው ጽሑፍ አላሳተመም፤ የባለቤትነት መብትም አልጠየቀም።

የዚህ መሣሪያ ቁም ነገር በምሰሶው መጋጠሚያ ላይ ነው። በተለመደው ጀልባ ምሰሶው ቋሚ ስለ ሆነ አቅጣጫ የሚለወጠው በኋላ ባለው መሪ ነው። በሸራው ሳንቃ ግን መሪ አያስፈልግም። ሰውየው ሸራውን ወደፊት ሲያዘነብል የነፋሱ ግፊት ማዕከል ውኃው ከሚቋቋምበት ማዕከል ይቀድማል፤ ሳንቃውም ከነፋሱ ይሸሻል። ወደኋላ ሲያዘነብል ደግሞ ሳንቃው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ነፋሱ ከአቅም በላይ ከሆነ ሸራውን መልቀቅ ይበቃል።

በአሜሪካም ኒውማን ዳርቢ የራሱን ዓይነት ሸራ ያለው ሳንቃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ፖፑላር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳወቀ። ከዚያም በካሊፎርኒያ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይትዘር መጋቢት 1968 የፈጠራ ማመልከቻ አቀረቡ፤ የአሜሪካውን መብት በጥር 1970 አገኙ፤ በእንግሊዝም አስመዘገቡ። ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ አሠራሩ የምሕንድስና ጽሑፍ ያቀረበ ሲሆን፣ ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለውድድር ቀረበ።

የባለመብቱ ኩባንያ ዊንድሰርፊንግ ኢንተርናሽናል፣ ታቡር ማሪን የተባለውን ድርጅት በእንግሊዝ ፍርድ ቤት በከሰሰ ጊዜ፣ ተከሳሹ የሄይሊንጉን ልጅ ሥራ በመከላከያነት አቀረበ። በ1985 በታተመው የይግባኝ ውሳኔ መሠረት የባለቤትነት መብቱ ዋጋ አጣ። ከቀጥታው አግዳሚ ወደ ቀስታማው መሻገር ለባለሙያ ግልጽ የሆነ እርምጃ እንጂ ፈጠራ አይደለም ተባለ። ዳኞቹ በዚህ ጊዜ ያስቀመጡት ባለአራት ደረጃ መመዘኛ፣ ይኸውም የፈጠራውን ሐሳብ መለየት፣ በጊዜው ተራ ባለሙያ ያውቀው የነበረውን ማስቀመጥ፣ ልዩነቱን ማውጣት፣ በመጨረሻም ልዩነቱ ግልጽ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ቅደም ተከተሉ ተሻሽሎ ሲሠራበት ቆይቷል።

በአሜሪካ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1986 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መብቱ የጸና ነው ሲል ወሰነ። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ፣ በውጭ አገር የተሠራበት ነገር በጽሑፍ ካልታተመ ወይም የባለቤትነት መብት ካልተሰጠበት በስተቀር አዲስነትን አያፈርስም ነበር። ይህን ልዩነት ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ነው። እንግዲህ በአንድ ዳርቻ የታየው እውነት ውቅያኖሱን ሲሻገር ክብደቱን አጥቶ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ድሬክን ቀማኛ፣ ቺልቨርስን የተዘረፈ አድርጎ መፍረድ ስሕተት ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይቶ እንደ ቀዳ የሚያሳይ ነገር የለም። አንድ ዓይነት ችግር ነፋስና ውኃ ባለበት ሁሉ አንድ ዓይነት መፍትሔን ይጠራል። ልጁ መሣሪያውን ሠራ፤ መሐንዲሱ ለምን እንደሚሠራ አስረዳ፤ ነጋዴው ለዓለም አዳረሰው። ሕግ ግን ለእነዚህ ለሦስቱ በየፊናቸው ዋጋ የሚሰጥበት መንገድ ስለሌለው፣ ማን ቀደመ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ለጥያቄው መልስ የሚገኘውም ሥራው በግልጽ ታይቶ ወይም ተጽፎ የቀረ እንደ ሆነ ነው። በየገጠሩና በየወርክሾፑ አንዳች መሣሪያ ሠርቶ ሳያሳይና ሳይመዘግብ የሚያልፍ ባለሙያ፣ ነገ ሌላው በዚያው ሥራ ዋጋ ሲያስከፍለው የሚመሰክርለት አያገኝም። ቺልቨርስ ምስክር ያገኘው ሳንቃውን በጓሮ ሳይሆን ሰው በሚያይበት ውኃ ላይ ስለ ነዳው ነው።