መልኳን ሳትለውጥ የታደሰችው መኪና፤ የቮልስዋገን ታሪክና የአዳሾቿ ሥራ

በአዲስ አበባ ከአባቶቻቸው የወረሷትን ወይም ከግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ ያገኟትን አሮጌ ቮልስዋገን ይዘው፣ የዕረፍት ቀናቸውንና ከደመወዛቸው የተረፈውን ገንዘብ በእርሷ ላይ የሚያውሉ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም መኪናዪቱ ከፋብሪካ በወጣችበት ጥንተ ተፈጥሮዋ ትጠበቅ ወይስ ዘመን ባፈራው ጥበብ ትሻሻል የሚለው ነው። የፊተኛውን ሐሳብ የሚይዙት ሰዎች ለቀደመው ሥራ ያላቸው አክብሮት የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ የቮልስን ታሪክ ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው የመረመረ ሰው ከኋለኞቹ ጋር መቆሙ የማይቀር ይመስለኛል፤ ይህች መኪና መልኳን እንደ ያዘች የውስጥ አካሏ ያለማቋረጥ ሲታደስ የኖረች ናትና፣ መሻሻል የባሕርይዋ እንጂ ባዕድ ነገር አይደለም።

የትውልዷ ታሪክ የሚጀምረው በክፉ ዘመን ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ ማናቸውም ሠራተኛ ሊገዛት የሚችል የሕዝብ መኪና እንዲነድፍ በናዚው መንግሥት ታዘዘ፤ ዋጋዋም 990 ማርክ እንዲሆን ተወስኖ፣ በግንቦት 1938 ሂትለር ራሱ በተገኘበት ለፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ከ300 ሺህ የሚበልጡ ጀርመናውያን በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዙ በቍጠባ ደብተር ላይ ይለጥፉ ጀመር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ተነሥቶ ፋብሪካው ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ ስለ ዞረ፣ ከተያዙት አገሮች በግዳጅ የተጋዙ ሰዎችም በመከራ የሚሠሩበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ከቆጣቢዎቹ አንዱ እንኳ በዚያ ዘመን መኪናውን አልተረከበም። ከጥፋት ያዳናት በ1945 ፋብሪካውን እንዲያስተዳድር የተሾመው እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት ነው፤ እርሱ በቦምብ የተደበደበውን ስፍራ አስጠርጎና አስጠግኖ፣ አንዲቱን መኪና ለጦሩ አለቆች ካሳየ በኋላ የ20,000 መኪና ትእዛዝ ለማግኘት በቃ።

በ1948 ሥራውን የተረከበው ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ ደግሞ እጅግ የሚደነቅ ውሳኔ ወሰነ። ሌሎች ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዲስ ቅርጽ እያወጡ ገዢን ለመሳብ ሲሽቀዳደሙ፣ እርሱ የመኪናዪቱን መልክ ሳይነካ፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ብቻ አንድ በአንድ እየለወጠ ማሻሻልን መረጠ። በሽቦ ይጎተት የነበረው ፍሬን በ1950 ለውጭ ገበያ በሚላኩት ላይ በዘይት እንዲሠራ ሆነ፤ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው የኋላ መስተዋት በ1953 አንድ ሆነ፤ ቤንዚን ማለቁን የሚያውቀው ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ብቻ የነበረውና ያን ጊዜ በእግሩ ጫፍ የመጠባበቂያውን ቧንቧ ከፍቶ ጉዞውን ይቀጥል የነበረው ነጂ፣ በ1960ዎቹ መባቻ የነዳጅ መለኪያ ተገጠመለት፤ በ1967ም ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋገረ። ከጦርነቱ በኋላ 25 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 30፣ 34፣ በመጨረሻም በ1600 ሲሲው ላይ 50 ደረሰ። የካቲት 17 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. 15,007,034ኛዋ ስትሠራ የፎርድን ሞዴል ቲ ብዛት አለፈች፤ ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከተማ የመጨረሻዪቱ ስትወጣም ቍጥሩ 21,529,464 ሆኖ ነበር። ያቺ የመጨረሻዪቱ ካርቡራተሯ በነዳጅ መርጫ የተተካባት ስትሆን፣ ከፊተኛዪቱ ጎን ብትቆም ሕፃን ልጅ እንኳ እኅትማማችነታቸውን አይስተውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ካሳየ ወዲህ መኪና ለብዙ ዘመን የመኳንንትና የባለጸጎች ንብረት ሆኖ ሲኖር፣ ቮልስ ግን ወደ መምህሩ፣ ወደ ነርሷና ወደ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደጃፍ ደረሰች። ለዚህ መወደዷ ከዋጋዋ ሌላ ሞተሯ በውኃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ መሆኑ ትልቅ ምክንያት ነው፤ ሌሎች መኪኖች በአባይ በረሃ አቀበት ኮፈናቸውን ከፍተው ራዲያተራቸው እስኪበርድ ሲጠብቁ፣ የሚፈላ ውኃ የሌላት ቮልስ በዝግታም ቢሆን መንገዷን ትቀጥል ነበር። ከታሪክ መዝገብ የማይፋቅ ቦታዋን ያገኘችው ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከመንበረ መንግሥታቸው በወረዱበት በዚያ ጥዋት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት፣ ሲመላለሱበት በኖሩት ሮልስ ሮይስ ሳይሆን፣ ተራ ሰው በሚነዳት ቮልስዋገን ነበር። በተከተሉት ዓመታት አዲስ መኪና ማስገባት እጅግ በመክበዱ፣ በየሰፈሩ ያሉት መካኒኮች ከአንዲቱ ነቅለው ለሌላዪቱ እየገጠሙ፣ ላሜራ እየቀጠቀጡ እነዚህን መኪኖች በሕይወት አቆዩአቸው። ዛሬ በትርፍ ጊዜው ቮልስ የሚያድስ ሰው የእነዚያ ባለሙያዎች ወራሽ መሆኑን ቢያውቅ እወዳለሁ።

እድሳቱ ከየት ይጀመር ቢባል፣ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት መሸጋገርን እመርጣለሁ። አምፖሉ እኩል ኃይል እንዲሰጥ በ6 ቮልት ላይ የሚያስፈልገው ጅረት በ12 ቮልት ከሚያስፈልገው እጥፍ ስለሆነ፣ በየመጋጠሚያው ያለ ትንሽ ዝገት እንኳ የፊት መብራቱን ያደበዝዘዋል፤ ክረምት በጭጋግ ውስጥ እንጦጦን የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቀድሞው ሽቦ ለብዙ ጅረት የተሠራ ወፍራም ስለሆነ እንዳለ ቢቆይ ጕዳት የለውም፤ ባትሪው፣ ዲናሞው ከነመቆጣጠሪያው፣ ቦቢናውና አምፖሎቹ በሙሉ ግን መለወጥ ይኖርባቸዋል፣ የዝናብ መጥረጊያውም ሞተር እንዳይቃጠል ቮልት መቀነሻ ይገባለታል። ብዙ አዳሾች የሚሰናከሉት ሞተሪኖው ላይ ነው። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ ሞተሪኖውን ብቻ ለውጦ ቮላኖውን የተወ ሰው ቍልፉን ሲያዞር የሚሰማው ጥርስ ጥርስን ሲፈጭ ነው። ሁለቱንም ለመለወጥ የወሰነ ደግሞ አዲሱ ቮላኖ በስፋቱ ስለሚበልጥ የካምቢዮውን አፍ ከውስጥ በኩል በጥንቃቄ መሞረድ ግዴታው ነው፤ ፈጥኖ መጨረስ የሚሻ ሰው እዚህ ላይ ማግኒዥየሙን ሰንጥቆ ካምቢዮውን ያጣል። ከዚህ ለመዳን የድሮውን ቮላኖና ሞተሪኖ እንዳሉ መተው ይቻላል፤ ሞተሪኖው 12 ቮልት ሲሰጠው ፈጥኖ ይዞራል፣ ቍልፉ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ካልቆየም አይጎዳም።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሚቀመጥ፣ አዳሹ ወንበሩን ባነሣ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ከአሲድና ከክረምት ውኃ የተነሣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ወለል ነው። ይህን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ራስን ማታለል ነው፤ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። የባትሪው ዋልታ በጎማ ክዳን መሸፈኑም አይረሳ፤ ወፍራም ሰው በተቀመጠ ጊዜ የወንበሩ ሽቦ ዋልታውን ነክቶ ስንት መኪና በእሳት ተበልቷል።

ፍሬንን በተመለከተ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የጥንቶቹ ቮልሶች ፍሬን ለአራቱም ጎማ በአንድ የዘይት መስመር ይሠራል፤ አንዱ ጎማ ጋ ያለው ቱቦ ቢፈነዳ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናዪቱም በቍልቍለት ላይ ያለ ፍሬን ትቀራለች። መስመሩን ለሁለት የሚከፍለውን ፓምፕ መግጠምና የፊቱን ታምቡር በዲስክ መተካት፣ ፋብሪካው ራሱ በ1960ዎቹ ያደረገው ማሻሻል ነውና ማንንም አያስወቅስም። ስለ ሞተሩም እንዲሁ፤ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ 34 ፈረስ የተባለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎኖች ብቻ በመሆኑ የ1600ውን መተካት ላሜራ መቍረጥ አይጠይቅም።

የምቃወመው ሌላውን ነው። ጭቃ መከላከያውን ቈርጦ ሰፊ ጎማ ማስገባት፣ ዳሽቦርዱን በስቶ የማያ ሰሌዳ መለጠፍ፣ ጣሪያውን መቍረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ዳግመኛ ሊመለሱ የማይችሉ ናቸውና፣ የኖርድሆፍ ሰዎች ለዓመታት የጠበቁትን መልክ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋሉ። ሊፈታ የሚችል ለውጥ ሁሉ ይደረግ፤ የተነሣውም ዲናሞ፣ ቮላኖና ካርቡራተር ግራሶ ተቀብቶ ይቀመጥ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ መለወጥ የሚጠይቁ በርክተዋል። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሌላ ድርጅት ጋር እንዲህ ያለች መኪና ለዓለም አሳይቷል፤ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ 60 ኪሎዋት ሞተር፣ ወደ 200 ኪሎሜትር የሚደርስ ጉዞ። ዳሩ ግን ተራዋ ቮልስ 800 ኪሎ ያህል ስትመዝን ይህች 1,280 ኪሎ ስለ ሆነች፣ የሻንሲዋና የፍሬኗ መጠንከር ግድ ሆኗል፤ እኛም ዘንድ ከዚህ በቀር ሌላ መንገድ የለም። ይህን የሚሞክር ሰው የኤሌክትሪኩን ሞተር በእነዚያው 4 ብሎኖች፣ በመሸጋገሪያ ብረት አማካይነት ከድሮው ካምቢዮ ጋር ያያይዘው፤ ከሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቍጥር ስለሚለወጥም፣ የመጀመሪያውን ብሎን ከመፍታቱ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ጉዳዩን ያስታውቅ።