ዐቢይ ቀመር፤ ስለ 532 ቍጥር ጠባይና ስለ ብራና መጻሕፍት ዘመን

በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት «ዐቢይ ቀመር» ይባላል። ቍጥሩ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ዓውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዓውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ 19 ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ቍጥር ስለ ሆነ ሁለቱ ዙሮች ከ532 ዓመት በፊት በአንድነት ወደ መነሻቸው ሊመለሱ አይችሉም።

ከዚህ የሚያንሰው ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት ነው። በእርሱ ፍጻሜ አበቅቴውና ወንጌላዊው ይመለሳሉ፤ ዕለቱ ግን አይመለስም። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነውና በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል። ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ግን 194,313 ቀን ይሆናል፤ ይህም ምንም ሳይተርፍ 27,759 ሳምንት ነው። የ76 ዓመት ቀኖችና የ532 ዓመት ሳምንታት ቍጥራቸው አንድ መሆኑ ተማሪን ምሥጢር ያለበት ሊያስመስለው ይችላል፤ ምክንያቱ 532 የ76 ሰባት እጥፍ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን ዙር በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያዘጋጀው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ እንደ ሆነ ይነገራል። ጆርጂያውያንም ዓመታቸውን በዚሁ ዙር ይቈጥሩ ነበር።

ለታሪክ ጸሓፊ ችግር የሚመጣው ከዚሁ ፍጹምነት ነው። በቀድሞ ብራናዎች «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከልደት ጀምሮ የሚቈጠረውን ዘመን ሳይሆን በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለውን ዓመት ነው። መነሻው የዲዮቅልጥያኖስ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 277 ዓ.ም. ነው፤ 532 በተፈጸመ ጊዜ እንደገና ከ1 ይጀመራል። ስለዚህ በ809፣ በ1341 እና በ1873 ዓ.ም. ታድሷል።

አንድ ጸሓፊ መጽሐፉን «በ205 ዓመተ ምሕረት ፈጸምሁ» ቢል ዓመቱ 481፣ ወይም 1013፣ ወይም 1545 ሊሆን ይችላል። ዕለቱን፣ አበቅቴውንና ወንጌላዊውን ቢጨምርም ነገሩ አይቃናም፤ ሦስቱ ምስክሮች ለሦስቱም ዓመታት እኩል ይመሰክራሉና። እነርሱ የሚያጋልጡት ጸሓፊው በቀመሩ ውስጥ ተሳስቶ እንደ ሆነ ነው እንጂ ቀመሩ የትኛው እንደ ሆነ አይናገሩም። በ1551 ዓ.ም. የሞተው የዐፄ ገላውዴዎስ ስም ከተገኘ ግን 1545 መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ስም በሌለበት መርማሪው ወደ ፊደሉ ቅርጽ ይመለከታል፤ ይህም የሚሰጠው ግምት ነው።

ሌላ መንገድ የሚከፍተው የቀመሩ ጉድለት ነው። ሊቃውንቱ በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቈጥራሉ፤ የሰማይዋ ጨረቃ ግን ይህን ያህል ወር የምትፈጽመው ከ194,313 ቀን 1.7 ቀን ያህል ቀድማ ነው። ስለዚህ ግርዶሽ ከአንዱ ቀመር ወደ ሌላው በያለበት ዕለት አይደገምም፤ በብራና ጠርዝ ላይ የተጻፈች «ፀሐይ ጨለመ» የምትል አንዲት መሥመር፣ ዕለትና አበቅቴ ያልለዩትን ዘመን ልትለይ ትችላለች። ይህም ጸሓፊው በዓይኑ ያየውን ጽፎ እንደ ሆነ ነው፤ ከቀደመ መጽሐፍ ገልብጦት እንደ ሆነ ግን የሚታወቀው የፊተኛው ጸሓፊ ዘመን ነው።