የአንድ ሽልንግ ምሽት

እ.ኤ.አ. በ1810 ለንደን ውስጥ ፍሊት ስትሪት አካባቢ በየሱቁ መስኮት አንድ ማስታወቂያ ይታይ ነበር። ጆን ታተም የተባለ ብር ሠሪ ዶርሴት ስትሪት ቁጥር 53 በሚገኘው ቤቱ ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ ገለጻ ይሰጣል፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፣ መግቢያው አንድ ሽልንግ። ካነበቡት አንዱ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ የሚለማመድ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ሽልንግ ሲባል እኛን ትዝ የምትለን ስሙን የወረሰችው 50 ሳንቲም ናት፤ ደመወዝ ለሌለው ተለማማጅ ግን ቀላል ገንዘብ አልነበረችም። የከፈለለት ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው፣ ብረት ቀጥቃጩ። ልጁም ማይክል ፋራዳይ ነው፤ በ1831 ዛሬ ጄኔሬተር የሚሠራበትን መርህ ያገኘው።

የፋራዳይ ታሪክ ሲተረክ ይህ ምሽት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1812 ሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደተባለው የሳይንስ ተቋም ገብቶ ታላቁን ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪን አዳመጠ፣ ማስታወሻውን ጠርዞ ላከለት፣ በ1813 በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠረ ይባልና ወደ ግኝቶቹ ይታለፋል። ትልቅ ሰው ድሃውን ልጅ አነሣው የሚለው ትረካ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይደብቃል። ልጁ የዴቪን መግቢያ ትኬት ከየት አመጣው? በታተም ቤት የሰማውን እየጻፈ፣ ያያቸውን መሣሪያዎች እየሣለ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ አራት ጥራዝ አድርጎት ነበር። አሠሪው ጆርጅ ሪቦ በተለማማጁ ሥራ ስለሚኮራ ለደንበኛ ያሳየው ነበር፤ በዚህ መንገድ ጥራዙ የሮያል ኢንስቲትዩሽን አባል ከነበረው ከዊሊያም ዳንስ ዘንድ ደረሰ፤ ዳንስም የአራት ገለጻ ትኬት ሰጠው። የትልቁ አዳራሽ በር የተከፈተው እንግዲህ ከትንሿ ክፍል በወጣ ደብተር ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ተሰብስበው ሮቦት የሚገጣጥሙበትን፣ ኮድ የሚጽፉበትን የሰፈር ዝግጅት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ፋራዳይ ልዩ ተሰጥኦ ነበረው፣ በየትም ዞሮ ይወጣ ነበር የሚል ይኖራል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በዚያው ዘመን ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ ሥራ ለምኖ ጽፎ ነበር፤ መልስ አላገኘም። ተሰጥኦው ያው ተሰጥኦ ነው፤ ልዩነቱ በአንደኛው በር የሚያውቀው ሰው መኖሩ፣ በሌላኛው አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው፤ ሁሉ ነገር በስልክ ላይ እያለ ልጆችን አንድ ክፍል መሰብሰብ ለምን ያስፈልጋል ይላል። ፋራዳይም መጽሐፍ አልቸገረውም። የብሪታኒካን የኤሌክትሪክ አንቀጽና የጄን ማርሴትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ እየጠረዘ አንብቧቸዋል። የጎደለው የሚወያየው ጓደኛ ነበር፤ እሱንም በታተም ቤት አገኘው። ከዚያ ከተዋወቃቸው አንዱ ኤድዋርድ ማግራዝ ለዓመታት ሰዋስው ሲያርምለት ኖሯል። ለሌላው ለቤንጃሚን አቦት በሐምሌ 1812 የጻፈለት ደብዳቤ ደግሞ የአንድ ልጅ ደስታ የሰፈረበት ነው። ሰባት የመዳብ ሳንቲሞችን ከሰባት ክብ የዚንክ ቁራጮች ጋር እያፈራረቀ፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ወረቀት እየጣለ ባትሪ ሠራ፤ በዚያችው ባትሪ ጨው ሲበታተን አየ፤ ብዕሩንም አነሣ። ለሚሰማው ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ሁሉ ዝርዝር ለማን ይጽፍ ነበር?

በአደባባይ መናገርንም የተማረው በታተም ቤት ይሰበሰብ በነበረው ማኅበር ነው፤ የመጀመሪያ ገለጻውን በ1816 ያቀረበው እዚያ ነው። ሮያል ኢንስቲትዩሽን በ1825 ለወጣቶች የጀመረውን የገና ገለጻ በኋላ ፋራዳይ 19 ጊዜ መርቶታል፤ ስለ አንድ ሻማ የሰጠው ተከታታይ ትምህርት መጽሐፍ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከዚህ ወዲህ ውድድር መጣ። በ1928 የኒውዮርክ ልጆች ሥራቸውን በአውደ ርዕይ አቀረቡ፤ በ1950 ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ውድድር 30 ተማሪዎችን አሰለፈ። ውድድር ልጅን ያተጋል የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው፤ የማቅረቢያ ቀን ባይኖር ሳይጠናቀቅ የሚቀር ሥራ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ውድድር የሚመርጠው ከበቀለው ነው። ልጅ መጀመሪያ ሽቦውን አበላሽቶ፣ ሳያፍር ጠይቆ፣ እንደገና የሚያያይዝበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያን ደግሞ የሽልማት መድረክ አይሰጥም። በ2011 አየርላንድ ኮርክ ከተማ ጄምስ ዌልተን የተባለ ወጣት ከቢል ሊያዎ ጋር የጀመረው ኮደርዶጆ የተባለ የኮድ መማሪያ ክበብ በዚህ ረገድ ወደ ታተም ቤት ይቀርባል። ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በነፃ ይመጣሉ፣ የሚያግዟቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከትንንሾቹ ልጆች ጋር ወላጅ አብሮ ይቆያል። ይህችን ደንብ እወዳታለሁ፤ አባት ልጁ ሲሳሳትና ሲያርም ቁጭ ብሎ ያያል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ እነዚህ ዝግጅቶች ላለው ልጅ ናቸው የሚለው ነው። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ላፕቶፕ የዘመናችን ሽልንግ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የማያገኙትን መሣሪያ በእጃቸው ይነካሉ፤ ትልቅ ነገር ነው። ከገጠር ወረዳ ለሚመጣ ልጅ ግን ማዕከሉ የሚጀምረው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲታቀድ ከሮቦቱና ከኮምፒውተሩ በፊት የትራንስፖርቱ፣ የምሳው፣ ቅዳሜ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ነገር በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት የሚሸኛት ሰው ይታሰብ። ፋራዳይ ስለ ወጣትነቱ ባሰፈረው ማስታወሻ የታተምን ገለጻዎች ሲያነሣ ሰዓቱንና የመግቢያውን ዋጋ ጽፏል፤ ገንዘቡን የሰጠውን ወንድሙንም ሮበርት ብሎ ጠርቶ፣ የአባታቸውን ሙያ እንደተከተለ ጨምሮበታል።