የእጅ ጂፒኤስና የማሳ ወሰን፦ የመሬት ልኬት ታሪክ በጣና ዳርቻ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ጣና ሐይቅ የሚዘልቀው ሜዳ በጠባብና በቁርጥራጭ ማሳዎች የተከፋፈለ የእርሻ መሬት ነው። የአንድ ገበሬ ይዞታ ብዙውን ጊዜ በተለያየ ቦታ በተበታተኑ ማሳዎች የተዋቀረ በመሆኑና ብዙዎቹ ማሳዎች ከሩብ ሔክታር ስለማይበልጡ፣ የወሰን ጉዳይ በዚህ አገር የጥቂት ሜትር ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ ሲጀመር የእጅ ጂፒኤስ፣ ማለትም ከሳተላይቶች የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ የሚያሰላው የኪስ መሣሪያ፣ ገመዱን ይተካል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ተስፋው ያልሠመረበት ምክንያት በከፊል በመሣሪያው አካል ውስጥ፣ በከፊል ደግሞ መሣሪያው በመጣበት የልኬት ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በደቡብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬት የሚለካው በቃላድ፣ ማለትም 66 ሜትር ገደማ በሚረዝም ገመድ ሲሆን፣ የተለካውም ጋሻ በተባለ የመሬት ስፋት መለኪያ እየተቆጠረ ለመንግሥት፣ ለባለሥልጣንና ለወታደር ይደለደል ነበር። በጎጃምና በበጌምድር ግን ርስት ከአንድ አቅኚ አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ የሚጠየቅና በተወላጆች መካከል የሚከፋፈል ስለነበረ፣ የመሬቱን ስፋት ከውጭ መጥቶ የሚለካ ባለሥልጣን አልነበረም። ገበሬው ማሳውን የሚገምተው በጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው መጠን ሲሆን፣ አራት ጥማድ ከአንድ ሔክታር ጋር ይቀራረባል። ወሰኑን የሚያጸናው ደግሞ ድንጋይ፣ ዛፍ ወይም ሳይታረስ የተተወ ድንበር፣ ከሁሉም በላይ የአዋሳኞች ምስክርነት ነበር።

በዚሁ አካባቢ ሌላ ዓይነት ልኬት፣ ማለትም ለካርታ ሥራ የሚደረገው፣ የተጀመረው በውጭ ተጓዦች ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ማዕዘን በሚለካው በቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ የሰሜን ኢትዮጵያን ካርታ ለመሥራት የሚያስችል ልኬት ሰበሰበ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ሲያጠኑ የተዘረጋው የመነሻ ነጥቦች መረብ፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ካለው አዲንዳን ከተባለ ቦታ ጋር ተያይዞ ስለተሰላ፣ የአገሪቱ ካርታዎች ለረጅም ጊዜ «አዲንዳን» በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ተመሥርተዋል። የልኬት መነሻ የሚባለው የምድርን ቅርፅና የቁጥሩን መጀመሪያ የሚወስን ስምምነት ሲሆን፣ አዲንዳን ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ መነሻ ጋር ስለማይገጥም፣ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ለብዙ ስሕተት በር ከፍቷል።

መንግሥት መሬትን ለካርታ ብቻ ሳይሆን ለግብር መለካት በፈለገ ጊዜ ግን ልኬቱ ወደ ግጭት አመራ። በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ተከትሎ በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ አንዱ ምክንያት፣ የመሬት ግምገማና ልኬት ርስትን ለመንጠቅ የሚደረግ ዝግጅት ነው የሚለው ሥጋት ነበር። ዐመፁ በኃይል ጭምር ቢመታም፣ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሥተው መንግሥት ውዝፍ ግብር ለመማር ተገደደ። ከዚህ በኋላ የመጣው የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ማሳዎችን ይበልጥ ስለሸነሸነ፣ ማን የቱን መሬት እንደያዘ በጽሑፍ የማስፈር አስፈላጊነት ጎልቶ ታየ።

በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ከተሞከረ በኋላ በክልሉ የተስፋፋው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሰጠ ሲሆን፣ ደብተሩ የማሳውን ግምታዊ ስፋትና በአራቱ አቅጣጫ የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም እንጂ ካርታ አልያዘም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ይዞታዎች በባህላዊም በዘመናዊም መሣሪያ እንዲለኩ ፈቅዶ ነበርና፣ ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ለመስጠት በተደረጉት ሙከራዎች የእጅ ጂፒኤስ ማዕዘንና ርቀት አብሮ ከሚለካው ከቶታል ስቴሽንና ከባለ ከፍተኛ ጥራቱ የቀያሽ ጂፒኤስ ጎን ተሰለፈ። ጊዜውም ለዚህ ምቹ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ በሚሰጠው ሞገድ ላይ ሆን ብሎ ያስገባውን ማዛቢያ በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ስላነሣ፣ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በአንድ ሌሊት ወደ ጥቂት ሜትሮች ወርዶ፣ በሁለት የጣት ባትሪ የሚሠራው ርካሽ መሣሪያ ለባለሙያው ሁሉ ተደራሽ ሆነ።

የዚህ መሣሪያ አቅም ወሰን የት ድረስ እንደሆነ የሚታየው መሣሪያው ሲከፈት ነው። ብሎኖቹ ተፈትተው፣ ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን የተገጠመው የጎማ ማሸጊያ ሲነሣ፣ ከማያ ገጹ በስተጀርባ አንድ አረንጓዴ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ በላዩም ከቴምብር የማይበልጥ ጠፍጣፋ የሴራሚክ አንቴና፣ ሞገዱን የሚያሰላ ቺፕና በጣም ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ይገኛሉ። ክሪስታሉ የመሣሪያው ሰዓት ነው፤ በሳተላይቶቹ ውስጥ ያሉት ግን የአቶም ሰዓቶች ናቸው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝና የኳርትዝ ሰዓት ያን ያህል መሳሳቱ ስለማይቀር፣ መሣሪያው ከሦስት ሳተላይቶች ቦታን፣ ከአራተኛው ደግሞ የራሱን ሰዓት ስሕተት ለማስላት ይገደዳል። አንቴናው ትንሽ በመሆኑም በቀጥታ የመጣውን ሞገድ ከዛፍ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ከሰው አካል ነጥሮ ከመጣው በሚገባ መለየት ይሳነዋል።

ሌላው ጉድለት የዚያን ጊዜው መሣሪያ በ1575.42 ሜጋኸርትዝ የሚተላለፈውን አንድ ሞገድ ብቻ መቀበሉ ነበር። ሞገዱ በምድር ላይኛው ከባቢ አየር ባለው አዮኖስፌር፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪካዊ ኃይል ባገኘው ንብርብር ሲያልፍ ይዘገያል፤ የቀያሽ ጂፒኤስ ሁለት ሞገዶችን አወዳድሮ መዘግየቱን ሲያሰላ፣ የእጅ መሣሪያው ግን ሳተላይቱ በሚልክለት ቀመር በአማካይ ግማሹን ያህል ብቻ ያርም ነበር። ኢትዮጵያ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ስለሆነች አዮኖስፌሩ በሰማይዋ እጅግ ተለዋዋጭ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ክፍለ ዓለም የሚሰጠው የጥራት ተስፋ በጣና ዳርቻ ሁልጊዜ አይሠራም።

የዚህ ሁሉ ድምር በማሳ ላይ ሲሰላ ተስፋው ያልሠመረበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 125 ሜትር የሆነ ማሳ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ያህል ነው፤ የረጅሙ ጎኑ መስመር በ3 ሜትር ብቻ ቢሳሳት 375 ካሬ ሜትር ወይም የማሳው 15 በመቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። መሣሪያው በዓለም አቀፉ መነሻ ተስተካክሎ የሰጠው ቁጥር በአዲንዳን ካርታ ላይ እንዳለ ቢቀመጥ ደግሞ ነጥቡ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ያም በአካባቢው ብዙ ማሳዎችን ተሻግሮ መውደቅ ማለት ነው። የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ በሚታረሰው፣ ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት ችግሩ ይበረታል፤ የጂፒኤስ ከፍታ ልኬት ከአግድሙ የበለጠ ስለሚሳሳትና በዚያ ለጥ ያለ ሜዳ ጥቂት ሜትር የከፍታ ስሕተት የውኃውን ዳር እጅግ ስለሚያርቀው፣ 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ የተኛውን ሐይቅ ወሰን በእጅ ጂፒኤስ መለየት አይቻልም።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ ከ2014 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በተካሄደው የመሬት ፕሮግራም ኦርቶፎቶ፣ ማለትም ከአየር ወይም ከሳተላይት ተነሥቶ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ያመጣው መዛባት የታረመለት ምስል፣ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ወደ ማሳው ተወሰደ። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በቀበሌው ኮሚቴ ፊት ድንበራቸውን በጣት ሲያሳዩ መስመሩ በምስሉ ላይ ይሰመር ነበር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ተለጥፎ ቅሬታ ከተሰማበት በኋላ ይጸድቅ ነበር። ምስሉ የድንበሩን ሣርና የማሳውን ቅርፅ በዓይን ስለሚያሳይ ጎረቤቶች የሚነጋገሩበትን ነገር ሰጣቸው፤ የእጅ ጂፒኤስ ግን ተነጥለው የቆሙ ቁጥሮችን እንጂ የሚያዩትን መስመር አልሰጣቸውም።

ስለዚህ የእጅ ጂፒኤስ የተሠራለትን ሥራ አልበደለም፤ የውኃ ጉድጓድን፣ የአፈር ናሙና የተወሰደበትን ቦታ ወይም ሰፊ የደን ክልልን ለመመዝገብ ዛሬም በቂ ነው። የተሳሳተው የአንድን ሰው መቆሚያ የሚነግር መሣሪያ የሁለት ጎረቤታሞችን ወሰን እንዲዳኝ መመደቡ ነው። ወደፊትም ለመሬት ልኬት መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ፣ የመሣሪያው ስሕተት ከሚለካው ትንሹ ማሳ ወርድ ስንት እጅ እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል።